ዕዳ ከሜዳ አይመጣም

ግብር ቢቀነስልህ ትጠላለህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ አዎን እጠላለሁ ብሎ የሚመልስ ሰው በአገር ይገኛል ብለን አናምንም። እኛም ብንሆን አንጠላም። ነገ ተመርቀን ወደተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንሄድ የመጀመሪያዋ ደመወዛችን ሳትሸራረፍ እጃችን ብትገባ ደስታውን አንችለውም። ይሁን እንጂ ደስ ያለ ነገር ሁሉ የሚበጅ ነገር ነው ማለት አይደለም። በዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ግብር ቅነሳና ስለ መንግሥት ዕዳ ጥቂት ለማለት የተነሣነውም ለዚሁ ነው። የያዝነው ዕውቀት ሳይሆን ጥርጣሬ መሆኑን ግን ከወዲሁ እንናገራለን።

ነገሩ የተጀመረው በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ነው። አንድ ምሽት ከእራት በኋላ አንዱ ጓደኛችን በስልኩ ዜና ያዳምጥ ነበርና፣ «ኧረ ስሙ! የአሜሪካ መንግሥት ዕዳ 38 ትሪሊዮን ዶላር አለፈ ይላል» አለ። ሌላው ወዲያው ተቀብሎ፣ «እንዴ! እነዚህ ሰዎች በዚሁ ዓመት ግብር ቀነስን ሲሉ አልነበረም? ዕዳ ያለበት ሰው ገቢውን በገዛ እጁ ይቀንሳል?» ሲል ጠየቀ። በመስኮቱ በኩል የተኛው ሦስተኛው ደግሞ፣ «አልገባህም፤ ግብር ሲቀነስ እኮ መንግሥት የሚያገኘው ይበዛል እንጂ አያንስም» ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! መብራት ከጠፋ በኋላም ክርክሩ በጨለማ ቀጠለ።

በማግሥቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን፤ መምህሮቻችንንም አስቸገርን። እኛ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አይደለንም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን ማስተማርን ልንማር የመጣን ወጣቶች ነን። ነገር ግን ዕዳውን የሚከፍለው ሊቁ ብቻ ካልሆነ፣ ጥያቄውንም ሊቁ ብቻ ሊጠይቅ አይገባውም። ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ስለ ውጭ አገር በምናወራበት ቦታ ሁሉ ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

ለመሆኑ ግብር ሲቀነስ የመንግሥት ገቢ ይበዛል የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? አርተር ላፈር የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1974 ዋሽንግተን ከተማ በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ከባለ ሥልጣኖች ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ በእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ላይ አንድ ጎበጥ ያለ መስመር ሣለ ይባላል። የመስመሩ ትርጉም ቀላል ነው። ግብሩ ከመቶ ዜሮ ከሆነ መንግሥት ምንም አያገኝም። ግብሩ ከመቶ መቶ ከሆነም ምንም አያገኝም፤ ላቡ ሁሉ የሚወሰድበት ሰው ለምን ብሎ ይሠራል? እንግዲህ በሁለቱ መካከል አንድ ከፍተኛ ቦታ አለ ማለት ነው። ግብሩ ከዚያ ቦታ አልፎ ከሆነ መቀነሱ ገቢን ይጨምራል። ላፈር ራሱም ሐሳቡን የፈለሰፍኩት እኔ አይደለሁም፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሰሜን አፍሪካ ሊቅ ኢብን ኻልዱን ጽፎታል ብሏል።

ሐሳቡ ስሕተት የለበትም። ጥርጣሬያችን የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ጨው የሌለው ወጥ አይበላም፤ ጨው የበዛበትም አይበላም። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ግን ይህን ስላወቅን ብቻ፣ ዛሬ የቀረበልን ወጥ ጨው በዝቶበታል ማለት እንችላለን? አንችልም፤ መቅመስ ያስፈልጋል። የላፈር መስመርም ከፍተኛ ቦታ መኖሩን ይነግረናል እንጂ፣ ዛሬ የቆምነው ከከፍተኛው ቦታ ወዲህ ይሁን ወዲያ አይነግረንም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ እናውጣ። ባለፈው ዓመት በክፍላችን 40 ሆነን በወር 30 ብር እናዋጣ ነበር። ገንዘቡ ለፎቶ ኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለታመመ ጓደኛ መጓጓዣ ነው። ከ40ው የሚከፍለው 31 ብቻ ነበርና በወር 930 ብር ይሰበሰባል፤ ወጪያችንም ወደ 900 ነው። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፣ «መዋጮው ስለከበደ ነው ሰው የሚሸሸው። በግማሽ ብንቀንሰው ሁሉም ይከፍላል፤ ገንዘባችንም ይበዛል» አለ። አጨበጨብንለት! 15 ብር ሆነ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? እውነትም ከፋዩ በዛ። 31 የነበረው 36 ደረሰ። ግን 36 ጊዜ 15 ስንት ነው? 540 ብር ነው። ሁላችንም አንድ ሳንቀር ብንከፍል እንኳ 600 ብር ነበር። ይህን ሂሳብ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በደቂቃ ይሠራዋል፤ እኛ ግን ከጭብጨባው ብዛት ሳንሠራው ቀረን። ወጪያችንን አልቀነስንም፤ ጎደሎውን ከፎቶ ኮፒ ቤት በዱቤ ሞላነው። ከሦስት ወር በኋላ 1,080 ብር ዕዳ ቆጠርን። በመጨረሻ ማን ከፈለው? ዘንድሮ የገቡት አዲሶቹ ሠልጣኞች ናቸው፤ የዱቤውን ወረቀት አንድም ቀን አይተው የማያውቁ ልጆች። እስከ ዛሬ በመተላለፊያው ላይ ስናገኛቸው አንገታችንን እንደፋለን።

ከዚህ የተማርነው፣ ግብር ሲቀነስ ሰው የሚሠራውና የሚከፍለው ይጨምራል የሚለው ነገር ሐሰት አለመሆኑን ነው። እኛም ጋ አምስት ሰው ጨምሯል። ጥያቄው የጨመረው የቀነሰውን ይሞላል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያድበሰብሰው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1980 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ሮናልድ ሬገን ግብር እንቀንሳለን፣ የጦር ኃይሉን እናጠናክራለን፣ በጀቱንም እናመጣጥናለን አሉ። በዚያን ጊዜ በተመሳሳይ ፓርቲ ውስጥ ተፎካካሪያቸው የነበሩት ጆርጅ ቡሽ (ትልቁ) ይህን ዕቅድ የጥንቆላ ኢኮኖሚ ሲሉ ጠርተውት ነበር። ኋላ ግን የሬገን ምክትል ሆኑና ዝም አሉ። በነሐሴ 1981 ሕጉ ወጣ። ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶ 70 ወደ 50 ወረደ፤ በ1986 በወጣው ሕግ ደግሞ ወደ 28 እንዲወርድ ተደረገ። በ1980 ወደ 900 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የአገሪቱ ዕዳ በ1988 ወደ 2 ትሪሊዮን 600 ቢሊዮን ደረሰ። በስምንት ዓመት ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ይህን ስናነብ የመስኮቱ ጓደኛችን ተቃወመ። «የጦር በጀቱስ? ዕዳው የመጣው ከወጪ እንጂ ከግብር ቅነሳ ብቻ አይደለም» አለ። ልክ ነው፣ የጦር ወጪው በጣም ጨምሯል። ነገር ግን የገባልን ቃል እኮ ሁሉም በአንድ ላይ ይሆናል የሚል ነበር! ሬገንም ራሳቸው በ1982 ከቀነሱት ውስጥ ከፊሉን መልሰው ለመጨመር ተገደዋል። ያ የጥንቆላ ኢኮኖሚ ያሉት ቡሽ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ አዲስ ግብር አልጥልም ብለው ምለው ተመረጡና በ1990 ግብር ጨመሩ። በ1993 በቢል ክሊንተን ጊዜ እንደገና ተጨመረ። ያኔ ግብር ሲጨመር ኢኮኖሚው ይሞታል የተባለው አልደረሰም። እንዲያውም ዘመኑ የዕድገት ዘመን ነበርና፣ ከ1998 እስከ 2001 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት በጀት በተከታታይ አራት ዓመት ትርፍ አሳየ።

ታዲያ ያ ትርፍ የት ደረሰ? በ2001ና በ2003 ትንሹ ቡሽ ግብር ቀነሱ፤ በዚያው ዘመን በአፍጋኒስታንና በኢራቅ ጦርነት ተጀመረ። በ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣ። በ2017 ዶናልድ ትራምፕ የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ከመቶ 35 ወደ 21 አወረዱ። ሕጉ ራሱን በራሱ ይከፍላል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ከኩባንያዎች የሚሰበሰበው ግብር በ2017 በጀት ዓመት 297 ቢሊዮን ዶላር የነበረው በ2018 ወደ 205 ቢሊዮን ወረደ። ከዓመታት በኋላ የኩባንያዎች ትርፍም የዕቃ ዋጋም ሲያሻቅብ ይህ ገቢ ተመልሶ አድጓል፤ ይህን አንክድም። ቢሆንም ለየትኛውም ፓርቲ አያደላም የሚባለው የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ጽሕፈት ቤት፣ ዕድገቱን ጭምር አስቦ፣ ሕጉ በ11 ዓመት ውስጥ ወደ 1 ትሪሊዮን 900 ቢሊዮን ዶላር ጉድለት ይጨምራል ሲል ገመተ። በሐምሌ 2025 የተፈረመው ሌላው ታላቅ የግብር ሕግ ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ 3 ትሪሊዮን 400 ቢሊዮን እንደሚጨምር ይኸው ጽሕፈት ቤት ገምቷል።

እንግዲህ ዕዳው በግብር ቅነሳ ብቻ የመጣ ነው አንልም። ጦርነቶች አሉ፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አለ፤ ለአዛውንቶች የሚከፈለው ጡረታና ሕክምና በየዓመቱ ይጨምራል። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ወጪው እየጨመረ መሆኑ ከታወቀ፣ ገቢውን በዚያው ሰዓት መቀነስ ምን ይባላል? በገጠር አንድ አባት ልጆቹ ሲበዙ እርሻውን ቢያሳንስ ጎረቤት ምን ይለዋል?

እዚህ ላይ አንድ መምህራችን ያሉንን ሳንጠቅስ ብናልፍ ያስተዋዮች አንሆንም። «ልጆች፣ መንግሥትን በቤተሰብ አትመስሉት» አሉን። «አባት ያረጃል፣ ይሞታል፤ መንግሥት ግን ዕዳውን በአዲስ ብድር እየተካ ይኖራል። ደግሞ አሜሪካ የምትበደረው በራሷ ገንዘብ ነው። ድልድይ፣ ትምህርት ቤት የሚሠራ ብድር ክፉ አይደለም፤ የሚጠቀምበት ትውልድ ቢከፍለው ፍትሕ ነው» አሉ። ተቀብለናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ከዓመታዊ ምርቷ የሚበልጥ ዕዳ ነበረባት፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ኢኮኖሚዋ ከዕዳው ፈጥኖ አደገና ሸክሙ ቀለለ። ስለዚህ ዕዳ ሁሉ ጥፋት ነው የሚለውን ትተነዋል።

ነገር ግን የመምህራችን ቃል ራሱ ሌላ ጥያቄ ወለደልን። ብድሩ ድልድይ ከሠራ ልጁ ዕዳውንም ድልድዩንም ይወርሳል። ብድሩ የግብር ቅነሳን ጎደሎ ለመሙላት ብቻ ከዋለ፣ ልጁ የሚወርሰው ምኑን ነው? የአባት ዕዳ ለልጅ ሲተርፍ ቢያንስ የአባት ቤትም አብሮ ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛው ጥርጣሬያችን ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አበዳሪው ማን ነው? ብዙዎቻችን ቻይና ወይም ጃፓን ይመስለን ነበር። እነሱም አሉበት፤ ነገር ግን የአሜሪካን ዕዳ የሚበልጠውን ክፍል የያዙት እዚያው አገር ውስጥ ያሉ ባንኮች፣ የጡረታ ገንዘቦች፣ የመንግሥቱ ድርጅቶችና ባለ ገንዘቦች ናቸው። እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። አንድ ባለጸጋ መቶ ሺህ ዶላር ግብር ይከፍል ነበር እንበል። ግብሩ ተቀነሰለትና ሃምሳ ሺው ኪሱ ቀረ። መንግሥት ግን ያችን ሃምሳ ሺህ ይፈልጋታልና ሊበደር ወጣ። ከማን ይበደራል? ሃምሳ ሺህ ዶላር ኪሱ ውስጥ ካለው ሰው ነዋ! ያ ሰው ትናንት በግብር ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ ዛሬ በብድር ይሰጣል፤ በየዓመቱም ወለድ ይቀበልበታል። ወለዱን የሚከፍለው ግን ሁሉም ግብር ከፋይ ነው፤ የሚያበድረው የሌለው መምህርና አናጢም ጭምር። ይህን በጨለማ ውስጥ ስንነጋገር ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ወለዱ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በ2024 በጀት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለወለድ ብቻ 880 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ይህ በዓለም ላይ ትልቁ ለሆነው ለዚያ አገር ጦር ኃይል በዚያው ዓመት ከወጣው ገንዘብ ይበልጣል። በወለድ ትምህርት ቤት አይከፈትም፤ በወለድ መድኃኒት አይገዛም። ወለድ ትናንት ለተበላው እንጀራ ዛሬ የሚከፈል ዋጋ ነው።

በአሜሪካ ምድር ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚናገረው ግን የካንሳስ ክፍለ ሀገር ታሪክ ነው። ካንሳስ በአገሪቱ መካከል የምትገኝ የስንዴ አገር ናት። በ2012 ገዥዋ ሳም ብራውንባክ ታላቅ የግብር ቅነሳ ፈረሙ። አማካሪያቸውም ያው መስመሩን የሣለው ላፈር ነበር። ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶ 6.45 ወደ 4.9 ወረደ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን፣ በባለቤቶቻቸው ስም ግብር የሚከፍሉ የንግድ ድርጅቶች የትርፍ ግብር ጨርሶ መቅረቱ ነው። ገዥው ይህ ለኢኮኖሚው ልብ እንደሚሰጥ ኃይለኛ መርፌ ይሆናል ብለው ነበር።

መርፌው ተወጋ። ውጤቱስ? በ2014 በጀት ዓመት የክፍለ ሀገሩ ገቢ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ማለትም ከመቶ አሥር በላይ ወረደ። ተጠራቅሞ የነበረው ገንዘብ ተሟጠጠ። ለመንገድ የተመደበው ወደ ሌላ ወጪ ዞረ። ካንሳስ እንደ ዋሽንግተን ዓመት እስከ ዓመት እየተበደረች ደመወዝ መክፈል አትችልም፤ ክፍለ ሀገሮች በጀታቸውን የማመጣጠን ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ዋሽንግተን ላይ በዕዳ ተሸፍኖ የማይታየው ነገር ካንሳስ ላይ ራቁቱን ወጣ። በ2015 ኮንኮርዲያን የመሳሰሉ የትምህርት ወረዳዎች ገንዘብ አጥሯቸው የትምህርት ዘመኑን ከቀኑ አስቀድመው ዘጉ። አስቡት እንግዲህ! በዓለም ሀብታም በሚባለው አገር፣ ጎርፍ ሳይመጣ፣ ጦርነት ሳይነሣ፣ ልጆች ገንዘብ የለም ተብለው ወደ ቤታቸው ተሸኙ።

በዚያው ዓመት ጎደሎውን ለመሙላት የሽያጭ ታክስ ከመቶ 6.15 ወደ 6.5 ከፍ አለ። የካንሳስ የሽያጭ ታክስ ያን ጊዜ በዳቦና በወተት ላይም ይጣል ነበር። ነገሩን ልብ በሉ፤ የጥብቅና ድርጅት ባለቤቱ ከትርፉ ለክፍለ ሀገሩ ግብር አይከፍልም፣ የድርጅቱ ጸሐፊና የሠፈሩ መምህርት ግን ከደመወዛቸው ይከፍላሉ፤ ዳቦ ሲገዙም ጨምረው ይከፍላሉ። ይህ ግብርን መቀነስ ነው ወይስ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማሸጋገር?

የትምህርት ቤቶቹ ጉዳይ እስከ ካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የክፍለ ሀገሩ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ለትምህርት የሚበቃ ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛልና፣ ፍርድ ቤቱ በተደጋጋሚ በትምህርት ቤቶች በኩል ፈረደ። በ2016 እንዲያውም የገንዘቡ ክፍፍል ካልተስተካከለ ትምህርት ቤቶቹ ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ ብሎ ቀን ቆረጠ፤ ምክር ቤቱም አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነገሩን አስተካከለ። በመጨረሻ በሰኔ 2017 ምክር ቤቱ የገዥውን ተቃውሞ አልፎ የግብር ቅነሳውን ሻረ። የሻሩት ተቃዋሚዎቻቸው ብቻ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ የገዥው የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ጥርጣሬያችን የግራ ወይም የቀኝ ወገን ጉዳይ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ደጋፊዎቹ የሚሉትንም እንስማ። በዚያ ሰሞን የእህልና የነዳጅ ዋጋ ወርዶ ነበር፣ ወጪውም በጊዜ አልተቀነሰም ይላሉ። ይህ እውነት ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም የተባለው ዕድገት አልመጣም፤ በሥራ ፈጠራ ካንሳስ ከአገሪቱ አማካይ ወደ ኋላ ቀረች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቀረ።

ትልቅ አገር ስለሆንን አበዳሪ አይጠይቀንም የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የብሪታንያን ነገር እናስታውሳቸው። በመስከረም 2022 የሊዝ ትረስ መንግሥት ጎደሎው በምን እንደሚሞላ ሳይናገር 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያህል የግብር ቅነሳ አወጀ። በቀናት ውስጥ ፓውንዱ ወደቀ፣ የመንግሥት ብድር ወለድ አሻቀበ፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ጣልቃ ገባ። ጠቅላይ ሚኒስትሯም ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ለቀቁ። አበዳሪ ዝም ሲል የተስማማ ይመስላል፤ የሚናገርበትን ቀን ግን ማንም አያውቅም።

አሁን አንዳንድ አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር እኛን ምን አገባን?» ሊል ይችላል። በሁለት በኩል ይገባናል። አንደኛ፣ መምህራችን አሜሪካ በራሷ ገንዘብ ትበደራለች ያሉት እኛን አይመለከተንም። ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ በ2014 አንድ ቢሊዮን ዶላር በዶላር ቦንድ ተበደረች፤ ወለዱ ከመቶ 6.625 ነበር። በታኅሣሥ 2023 ከዚህ ብድር 33 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ወለድ በቀኑ ሳይከፈል ቀረ። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ፣ በዶላር ያለብን ዕዳ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ ከዚያም አለፈ። አሜሪካ ዶላር ታትማለች፤ እኛ ዶላር የምናገኘው ከቡና፣ ከወርቅ፣ ከዘመድ ሐዋላ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ጥርጣሬ የሆነው ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ ግብር ቅነሳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2008 የወጣው ሕግ ከ600 ብር በላይ ከሆነ ደመወዝ ግብር ይቆረጥ ዘንድ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ምን ያህል እንደተወደደ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ 600 ብር ግን እዚያው ቆሞ ቆየ። በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ሆነ። ይህን ጠበብ ላለ ኑሮ የተደረገ ማቃለያ እንጂ የካንሳስን ዓይነት ስጦታ ነው አንልም። ለዝቅተኛው ሠራተኛ የቀረለት ገንዘብ ለሽሮና ለቤት ኪራይ ይሄዳል፤ ለመንግሥት አበድሮ ወለድ ሊበላበት አይችልም። ቢሆንም በዚህም በኩል ቢሆን፣ የጎደለው ከየት ይሞላል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ደመወዛችንን የምንጠብቀው ከዚያው ካዝና ነውና ከማንም በፊት መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

ለማጠቃለል ያህል፣ ማንኛውም መንግሥት ግብር ቀነስኩ ሲል ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡለት እንላለን። የተቀነሰው ለማን ነው? የጎደለው በምን ይሞላል፣ በብድር ከሆነስ ማን ያበድራል፣ ማን ይከፍላል? ገቢው ይጨምራል ከተባለ፣ ሳይጨምር ቢቀር ማን ኃላፊነቱን ይወስዳል? ለእነዚህ መልስ ካለ ግብር ይቀነስ፤ እኛም እናጨበጭባለን። መልስ ከሌለ ግን በክፍላችን መዋጮ ላይ የደረሰብንን እያስታወስን እጃችንን እንሰበስባለን።

ሰው ያላሰበው መከራ ሲመጣበት «ዕዳ ከሜዳ!» ይላል። የመንግሥት ዕዳ ግን ከሜዳ አይመጣም። አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ እጅ እየተነሣ፣ ጭብጨባ እየተሰማ የሚመጣ ነገር ነው። ከሜዳ የመጣ የሚመስለው ያን ቀን እዚያ ላልነበረው፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደው ልጅ ነው። እኛ ነገ የምናስተምረው ያንን ልጅ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን መደመርና መቀነስ ስናስተምረው፣ ታላላቆቹ ሂሳቡን ሳይሠሩ አጨበጨቡ እንዳይለን እንፈራለን።

የመስኮቱ ጓደኛችን እስከ አሁን አልተረታም። መልሱን ጽፎ በሚቀጥለው እትም እንደሚያወጣ ነግሮናል። ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ባዶ ቦታ ትተንለታል፤ ሌላም ተቃዋሚ ካለ፣ መምህርም ይሁን ሠልጣኝ፣ ብዕሩን ይዞ ይምጣ። እስከዚያው ግን የአዲሶቹን ሠልጣኞች 1,080 ብር ከየኪሳችን አዋጥተን ልንመልስላቸው ወስነናል። በወር 30 ብር።